የፊንላንዱ አልቫር አልቶ ለድሬ ሙቀት ይሆናል? (ክሊኒክ እየነደፍኩ ነው)

የሳቢያን ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ጀማው። አርክቴክት ነኝ፣ የምሠራው ድሬዳዋ ነው። አሁን እጄ ላይ ያለው ትንሽ የግል ክሊኒክ ነው። ታች ካርድ ክፍልና ምርመራ፣ ላይ ደግሞ ጥቂት የመኝታ ክፍሎች። ባለቤቱ ጥሩ ሰው ናቸው፤ ግን መንገዱን የሚያየው ፊት ከላይ እስከ ታች መስታወት እንዲሆን ይፈልጋሉ። ያ ፊት ደግሞ ወደ ምዕራብ ነው የሚያየው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከዚያ መስታወት ጀርባ የተኛ በሽተኛ ምን እንደሚሆን የድሬ ሰው አይጠፋውም።

እሳቸውን ለማሳመን ምሳሌ ስፈልግ ወደ አልቫር አልቶ ተመለስኩ። ለማታውቁት ባጭሩ፦ አልቶ በ1898 ኩኦርታኔ በምትባል የፊንላንድ ገጠር ተወለደ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። አባቱ መሬት ቀያሽ ነበሩ፤ ቤት ውስጥ ካርታ የሚነሳበት ትልቅ ነጭ ጠረጴዛ ነበራቸው፣ ልጁም እዚያ ጠረጴዛ ሥር ነው ያደገው። እናቱ ገና ልጅ እያለ ሞቱ። በ1921 ሄልሲንኪ ተመረቀ፣ በ1923 ይቫስኪላ ከተማ ቢሮ ከፈተ፣ በዓመቱ እሷም አርክቴክት የሆነችውን አይኖ ማርሲዮን አገባ። በ1976 እስኪሞት ድረስ ላይብረሪ በሉት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ማዘጋጃ ቤት፣ ፋብሪካ፣ መኖሪያ ቤት፣ ወንበር፣ መብራት፣ የአበባ ማስቀመጫ፣ ያልነካው ነገር የለም። ከዩሮ በፊት በነበረው የፊንላንድ 50 ማርካ ላይ ምስሉ ነበር።

እኔን የያዘኝ ፓይሚዮ ነው። በ1929 ውድድር አሸንፎ በ1933 ያለቀ የሳንባ ነቀርሳ ሆስፒታል፣ ጥድ ጫካ መሀል። ያኔ ለቲቢ የሚሰጥ መድኃኒት አልነበረም፤ ስትሬፕቶማይሲን የተገኘው በ1943 ነው። ሕክምናው እረፍት፣ ንጹሕ አየርና ፀሐይ ስለነበር ሕንፃው ራሱ መድኃኒት መሆን ነበረበት። አልቶ ታዲያ ከየት ጀመረ? ከአልጋው። ተራ ክፍል ለቆመ ሰው ነው የሚሠራው፣ ይሄ ግን ቀኑን ሙሉ በጀርባው ለሚተኛ ሰው ነው ብሎ ተነሳ። ለተኛ ሰው ግድግዳው ኮርኒሱ ነው፤ ስለዚህ ኮርኒሱን ዓይን የማይወጋ ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ ቀባው። መብራቱን ከተኛው ሰው እይታ አሸሸው። የማሞቂያው ሙቀት ጭንቅላት ላይ እንዳያርፍ ወደ እግር በኩል አዞረው። ክፍሉ የሁለት ሰው ስለሆነ ለእያንዳንዱ የራሱን የእጅ መታጠቢያ ሰጠና ውሃው ገንዳውን በሰያፍ እንዲመታ አድርጎ ቀረጸው፤ አንዱ ሌሊት ሲታጠብ ሌላው እንዳይነቃ።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። ይህን ሁሉ ያደረገው በረዶ አገር፣ ፀሐይ በሚናፈቅበት ቦታ ነው። ለድሬ ምኑን ልውሰድ? ምኑንስ ልተው? ሆስፒታል የሠራችሁ፣ ቤት የሠራችሁ፣ የተኛችሁም ብትሆኑ ንገሩኝ።

ነርሷ ከለገሃሬ

እህቴ፣ የኮርኒሱን ነገር ሳነብ ደስ አለኝ። ስንት ዓመት ዋርድ ውስጥ ስሠራ ይህን የሚጠይቅ አላየሁም። እኛ ጋ መብራቱ ረጅሙ ነጭ አምፖል ነው፣ ልክ በአልጋው ትክክል። ሌሊት መርፌ ለመስጠት ገብተሽ ስታበሪው ስድስቱም በሽተኛ አንድ ላይ ዓይኑን ይጨፍናል። ቀን ቀን ደግሞ ሰዉ ነጠላውን ፊቱ ላይ ጥሎ ነው የሚተኛው፤ እንግዳ ሲያይ የባሰበት ይመስለዋል፤ ግን መብራቱን ሸሽቶ ነው። በየአልጋው ራስጌ ለብቻው የሚበራ ትንሽ መብራት አድርጊ። ከሌላው ነገር ሁሉ ይህን አስቀድሚ፣ ብዙ ወጪም የለውም።

የበሩን እጀታ ደግሞ አልጠቀስሽውም። ፓይሚዮ ላይ አልቶ እጀታውን ራሱ ነው የነደፈው፤ የሐኪም ጋውን እጅጌ እንዳይያዝበት ጫፉን ወደ ውስጥ አጠፈው። ትሪ ይዘሽ በክርንሽ በር ከፍተሽ የምታውቂ ከሆነ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ይገባሻል። እጅጌ ተይዞ መድኃኒት የተደፋበት ቀን ሁላችንም አለን።

ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፣ የፈረንጅ ሆስፒታል ፕላን ላይ ፈጽሞ የማታገኚው። አስታማሚ! እኛ አገር በሽተኛ ብቻውን አይተኛም። እናት አለች፣ እህት አለች፣ ሰፈር ሙሉ ጠያቂ አለ። የፓይሚዮ ክፍል ለሁለት በሽተኛ ነው፤ የኛ ሁለት አልጋ ያለበት ክፍል ማለት ቢያንስ አራት ሰው ነው። አስታማሚዋ የት ትተኛለች? ፔርሙዙና ምሳ ዕቃው የት ይቀመጣል? ካላሰብሽበት መስኮቱ ላይ ይደረደራል፣ መስኮቱም አይከፈትም፣ አየርም አይገባም። አልጋው ሥር ካርቶን አንጥፈው የሚያድሩ እናቶችን በየቀኑ ነው የምናየው። አልቶ ከተኛው ሰው ከጀመረ አንቺ ደግሞ አጠገቡ ከተቀመጠችው ጀምሪ።

ጁገል ውስጥ

ከሐረር ነኝ። የነርሷን መልስ ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ እኔም ከተቀመጠው ሰው ልጀምር።

የሐረሪ ቤት ገብታችሁ ታውቃላችሁ? ዋናው ክፍል፣ ጊዲር ጋር የሚባለው፣ ወለሉ አንድ አይደለም። ነደባ የሚባሉ ከፍ ዝቅ ያሉ መደቦች አሉት። ሁሉም የየራሱ ቁመትና ቦታ አለው፤ የቤቱ አባወራ የሚቀመጥበት አሚር ነደባ በሩን ፊት ለፊት ያያል፣ ትልልቅ ሰዎች የሚቀመጡበት ሌላ ነው፣ ልጆችና ወጣቶች ደግሞ ዝቅ ያለው ላይ። አንድ ግድግዳ ሳይቆም፣ አንድ በር ሳይገጠም፣ ክፍሉ በከፍታ ብቻ ተከፋፍሏል። ሰው እንደገባ የት መቀመጥ እንዳለበት ያውቃል። ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ ነው፤ መደርደሪያው ግድግዳው ውስጥ ተፈልፍሎ ነው የሚወጣው፤ እዚያ ላይ ሳህኑ፣ ከላይ ደግሞ ስፌቱ ይሰቀላል። ይህ ሁሉ መሬት ወይም መደብ ላይ በተቀመጠ ሰው ዓይን ልክ ነው የተደረደረው።

አሁን አልቶ ቪፑሪ ላይ የሠራውን ላይብረሪ ተመልከቱ። በ1935 ያለቀ ነው፣ ከተማው ከጦርነቱ በኋላ ወደ ሶቪየት ኅብረት ሄዶ ዛሬ ቪቦርግ የሚባለው ሩሲያ ውስጥ ነው። ንባብ ክፍሉ መሀሉ ዝቅ ያለ ነው፤ የላይብረሪ ሠራተኛው ጠረጴዛ ከፍ ብሎ ሁሉን ያያል፤ አንባቢው ደግሞ ዝቅ ብሎ በመጽሐፍ ተከቦ ይቀመጣል። እዚያም ከፍታው ነው ክፍሉን የሚከፍለው። ኮርኒሱ ላይ 57 ክብ ቀዳዳዎች አሉ፣ እያንዳንዳቸው ወደ 1.8 ሜትር ስፋት፤ ጥልቅ ስለሆኑ ፀሐይ በቀጥታ ገጹ ላይ አትወድቅም፣ የቀዳዳው ግድግዳ ላይ ተመልሳ ለስላሳ ብርሃን ሆና ነው የምትወርደው። የአንባቢው እጅ እንኳ መጽሐፉ ላይ ጥላ አይጥልም።

አንቺ ላይ ስመጣ፣ ለአስታማሚዋ ነደባ ሥሪላት። በአልጋው ጎን፣ በመስኮቱ ሥር፣ ከግድግዳው ጋር የተያያዘ መደብ። ቀን ጠያቂ ይቀመጥበታል፣ ሌሊት እናት ትተኛበታለች፣ ሥሩ ክፍት ይሁንና ዕቃ ይግባበት። ከግድግዳው ውስጥ ደግሞ ለፔርሙዙ ቦታ አውጪለት። ይህ ከፊንላንድ መምጣት የለበትም፤ ድሬ ለኛ ቅርብ ነው፣ አንድ ቀን ነይና የሐረር ቤት ውስጥ ቁጭ ብለሽ በሜትርሽ ለኪው።

ሳይት ላይ

ሲቪል መሐንዲስ ነኝ። ስለ ሙቀቱ ልናገር።

ፓይሚዮ ፀሐይን ለመያዝ ነው የተዘረጋው። የመኝታ ክንፉ ቀጭንና ረጅም ነው፣ ፊቱን ለፀሐይ ሰጥቶ፤ ጫፉ ላይ በሽተኞች በረንዳ ላይ ተኝተው ፀሐይ ይሞቁ ነበር፣ ጣሪያው ላይም እንደዚያው። ፊንላንድ ውስጥ በቅዝቃዜው ወራት ፀሐይ ከአድማስ ብዙም ከፍ አትልም። ድሬ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን አሥር ዲግሪ እንኳ አይሞላም። ሰኔ ላይ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው፣ ታኅሣሥ ላይ በደቡብ። በሁለቱም ጊዜ ከፍ ብላ ስለምታልፍ ጣሪያውን አንድ ሜትር ምናምን ወጣ ካደረግሽው ሰሜንና ደቡብ ግድግዳሽ ጥላ ውስጥ ይውላል። ምሥራቅና ምዕራብ ግን ሌላ ነው። እዚያ ፀሐይ ዝቅ ብላ ፊት ለፊት ነው የምትገባው፣ የትኛውም የጣሪያ ክፈፍ አያቆማትም። ስለዚህ ከፓይሚዮ ቅጥነቱን ውሰጂ፣ ፀሐይ መያዙን ግን ተዪው። ክፍሎቹ ወደ ሰሜንና ደቡብ ይክፈቱ፣ አየር ከአንዱ መስኮት ገብቶ በሌላው ይውጣ። ምዕራብ ላይ ደረጃውን፣ ዕቃ ቤቱን፣ ሽንት ቤቱን አሰልፊ። እነሱ ፀሐዩን ይቀበሉልሽ።

ከቆርቆሮው ሥር ደግሞ አየር የሚያልፍበት ክፍተት ከሌለ ኮርኒሱ አረንጓዴ ቢሆን ሰማያዊ ቢሆን ለበሽተኛው ለውጥ የለውም፣ ከላይ እሳት ነው የሚወርድበት። ከዚራ ሰፈር ያሉትን የባቡር ድርጅቱን አሮጌ ቤቶች እዪ። ኮርኒሳቸው ከፍ ያለ፣ በረንዳቸው ሰፊ፣ መስኮታቸው ባለ ፐርሲያና (አየር የሚያሳልፍ መዝጊያ)፣ ደጃቸው ላይ ዛፍ። ኤሲ የሚባል ነገር ሳይኖር ሰው ይኖርባቸው ነበር። አልቶ ራሱ ለሙቀት አገር ሲነድፍ እንደዚህ ነው ያሰበው፤ ለባግዳድ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ነድፎ ነበር፣ ሳይገነባ ቀረ እንጂ ጣሪያው ፀሐይዋን የሚከላከል ነበር።

ባለቤቱን ለማሳመን ደግሞ የፊንላንዲያ አዳራሽን ታሪክ ንገሪያቸው። በ1971 ሄልሲንኪ ላይ የተከፈተ የአልቶ ትልቅ ሥራ ነው። ጣሊያን አገር ያለውን የካራራ ነጭ እብነ በረድ ይወድ ስለነበር ሕንፃውን በሱ አለበሰው። በጣም ያምራል። ግን የሄልሲንኪን ሙቀትና ቅዝቃዜ ስስ እብነ በረድ አልቻለውም፤ ጠፍጣፋው ድንጋይ እየተቆለመመ መጣ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሁሉንም አውርደው እንደገና ካራራ አለበሱት፣ ያም ተቆለመመ። በቅርቡ በታደሰ ጊዜ ድንጋዩን ወደ ሌላ ዓይነት ነጭ እብነ በረድ ቀየሩት። አልቶን የሚያህል ሰው የሠራው ሕንፃ ልብሱ ከአየሩ ጋር ካልተስማማ ሦስት ጊዜ ነው የሚለበሰው። ክሊኒኩ ሦስት ጊዜ የሚያለብስበት ገንዘብ አለው?

ኮንትራክተር ድሬ

ሁላችሁም ጥሩ ብላችኋል፤ ግን የባለቤቱንም ነገር እንየው አቦ። ፓይሚዮን ብዙ ማዘጋጃ ቤቶች ገንዘብ አዋጥተው ነው ያሠሩት። እኚህ ሰውዬ የባንክ ብድር አለባቸው። መስታወት የፈለጉት ከመንገድ ላይ እንዲታዩ ነው፣ በሽተኛ ካልመጣ ብድሩ አይከፈልም። «አይሆንም» ብለሽ ብቻ ከሄድሽ ነገ ሌላ ሰው ጠርተው መስታወቱን ያስገጥማሉ፣ አንቺም ሥራውን ታጫለሽ፣ በሽተኛውም መስታወቱ ጀርባ ይተኛል። የሚታይ ነገር ስጫቸው። እጀታ እየነደፍሽ፣ መታጠቢያ እየቀረጽሽ መሄድ አትችዪም፣ ገበያ ላይ ያለውን ነው የምንገጥመው። አንድ ወይ ሁለት ነገር ምረጪና እሱ ላይ ሙጭጭ በዪ።

ሳይት ላይ

እውነት ነው፣ መታየት አለበት። ግን ለመታየት መስታወት ግድ አይደለም። ሳይናትሳሎ የምትባል ወደ 3000 ሰው የሚኖርባት የፊንላንድ ደሴት አለች። አልቶ በ1952 እዚያ ከቀይ ሸክላ ጡብ ማዘጋጃ ቤት ሠራላቸው። ጡቡን ሆን ብሎ ትንሽ ወጣ ገባ አድርጎ ነው ያስደረደረው፣ ፀሐይ በጎን ስትመታው ግድግዳው ሕይወት እንዲኖረው። የምክር ቤቱ አዳራሽ 17 ሜትር ከፍታ አለው። ዛሬ ያቺን ደሴት የዓለም አርክቴክት ሁሉ ያውቃታል፣ በጡብ።

የሚያዋጣ ሐሳብ ላምጣ። ምዕራቡ ፊት ላይ ከግድግዳው ራቅ ያለ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የብሎኬት ወይም የጡብ መጋረጃ ይቁም። አየር ያሳልፋል፣ ፀሐይ ይሰብራል፣ ማታ ከውስጥ መብራት ሲበራ ደግሞ ከመንገድ ማዶ የሚያየው ሰው ይቆማል። ከአልሙኒየምና ከመስታወት ጋር ዋጋውን አስተያይተሽ ውሰጂላቸው።

እንጨት ሠሪው

የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ፣ ቀፊራ አካባቢ። አልቶን የማውቀው በበርጩማው ነው። በ1933 የወጣው ባለ ሦስት እግር በርጩማ፣ በቁጥሩ 60 ተብሎ የሚጠራው። ባለሙያ ካልሆናችሁ ተራ ነገር ይመስላችኋል። እግሩን እዩት። ከታች ቀጥ ብሎ ይመጣና ላይ ሲደርስ ዘጠና ዲግሪ ታጥፎ መቀመጫው ሥር ይገባል። መጋጠሚያ የለውም፣ ከዚያው ከአንዱ እንጨት ነው የታጠፈው። እኛ እዚህ ጋ ሁልጊዜ የሚሰበርብን መጋጠሚያው ነው።

እንዴት አደረገው? በርች የሚባለውን የአገሩን ዛፍ ወሰደ። የእግሩን አንድ ጫፍ በእንጨቱ ጭረት አቅጣጫ በመጋዝ ብዙ ቦታ ሰነጠቀው፣ በየስንጥቁ ውስጥ ስስ ስስ እንጨት ከኮላ ጋር ከተተ፣ ከዚያ በእርጥበትና በሙቀት አጠፈው። ሲደርቅ እንደታጠፈ ይቀራል፤ ከታች ያለው ግን ያው ሙሉ እንጨት ነው። ብቻውን አይደለም ያገኘው፤ ቱርኩ ከተማ ኦቶ ኮርሆነን ከሚባል የቤት ዕቃ ፋብሪካ ባለቤት ጋር አብረው ብዙ ሞክረው ነው። አርክቴክቶች ይህን ልብ በሉልኝ፣ ወደ እንጨት ቤት መጥቶ ከባለሙያው ጋር የሠራ ሰው ነው። ለፓይሚዮ በሽተኞች የሠራው ወንበርም እንደዚሁ ነው፣ የታጠፈ ፕላይውድ፤ ያኔ ሁሉም የብረት ቱቦ ወንበር ይሠራ ነበር፣ እሱ ብረት ለታመመ ሰው ገላ ይቀዘቅዛል ብሎ ወደ እንጨት ሄደ። የጀርባው ዝንባሌ በሽተኛው በደንብ እንዲተነፍስ ተብሎ የተሰላ ነው።

ይሄ በርጩማ አንዱ በአንዱ ላይ ይደረደራል። ጠያቂ ሲመጣ ታወርጃለሽ፣ ሲሄድ ጥግ ላይ ትከምሪያለሽ፣ ትንሽ ቦታ ነው የሚይዘው። ሦስት እግር ደግሞ ወለሉ ጎርበጥ ቢል እንኳ አይወላገድም፤ የኛ ሰዎች ከአንድ ግንድ ፈልፍለው በርጩማ ሲሠሩ ሦስት እግር የሚያወጡለት ለዚህ ነው። በርች ባይኖረኝም በግራቪሊያ ልሞክረው እችላለሁ። አንድ ችግር አለ፦ ከደጋ የመጣ እንጨት ድሬ ሲገባ ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ መጀመሪያ ቤቴ ውስጥ ተደርድሮ አየሩን መልመድ አለበት። የሚቸኩል ሰው ከሆነ አልሠራም።

ቀዝቃዛ ውሃ

ሁላችሁም «እሱ ሠራ፣ እሱ ነደፈ» ትላላችሁ፤ አይኖንስ? አይኖ ከአልቫር በፊት፣ በ1920 ነው የተመረቀችው። ፓይሚዮንም ቪፑሪንም አብረው ነው የሠሩት። በ1932 የነደፈችው ክብ ክብ መስመር ያለው ብርጭቆ ዛሬም ይሸጣል። አርቴክ የሚባለውን የቤት ዕቃ ድርጅት በ1935 ከማይሬ ጉሊክሰንና ከኒልስ ጉስታቭ ሃል ጋር አራት ሆነው አቋቋሙት፣ በኋላም እስክትሞት ድረስ የመራችው እሷ ናት። በ1949 በካንሰር ሞተች። አልቫር በ1952 ያገባት ኤሊሳም አርክቴክት ነበረች፤ እሱ ሲሞት ያላለቁትን ሥራዎች የጨረሰችው እሷ ነች። ጠያቂዋ ሴት አርክቴክት ስለሆንሽ ነው ይህን የምጽፍልሽ፣ ስማቸውን አብረሽ አንሺ።

የሳቢያን ልጅ (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልኝ፣ አላህ ይስጥልኝ ለሁላችሁም። ትናንት ማታ እያነበብኩ ፕላኑን እንደገና ጀመርኩት። ያደረግኩትን ልንገራችሁ።

ደረጃውና ሽንት ቤቱ ወደ ምዕራብ ሄዱ። መኝታ ክፍሎቹ ሰሜንና ደቡብ ሆኑ፣ ሁለቱም ጋ በረንዳ አላቸው። ከምዕራቡ ግድግዳ ፊት የቀዳዳ ብሎኬት መጋረጃውን ሣልኩት፣ ለባለቤቱ የማታውን ምስል ነው አስቀድሜ የማሳያቸው። ኮንትራክተሩ «ሁለት ነገር ምረጪ» ስላልክ መረጥኩ፦ የራስጌ መብራትና የአስታማሚ መደብ። እጀታው ይቅር፤ ግን ገበያ ላይ ጫፉ ወደ በሩ የሚታጠፍ ዓይነት አይቻለሁ፣ እሱን አስገጥማለሁ። የአይኖን ስም ለባለቤቱ በማቀርበው ወረቀት ላይ ከአልቫር ጎን ጽፌዋለሁ።

ነርሷ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። መደቡን ከአልጋው በስተቀኝ ላድርገው ወይስ በስተግራ? እናንተ የምትቆሙት በየት በኩል ነው? ሐረር እሑድ እመጣለሁ። እንጨት ሠሪው፣ የበርጩማ ናሙና አንድ ብቻ ብትሠራልኝ፣ አልቸኩልም።

ነርሷ ከለገሃሬ

እኛ በቀኝ በኩል ነው የምንቆመው፣ ሐኪሙም የሚመረምረው በቀኝ ነው። መደቡ በግራ ይሁን። ደግሞ የጉሉኮሱ ማንጠልጠያ ከመደቡ በተቃራኒ ይሁን፣ አስታማሚዋ ሌሊት ስትነሳ እንዳትጎትተው።

እንጨት ሠሪው

እንጨቱ ዛሬ ይገባና ይደርደር። ስትመጪ የአልጋውን ከፍታ ለክተሽ አምጪልኝ፣ በርጩማው ላይ የተቀመጠች ሴት እጇ በሽተኛው ጋ መድረስ አለበት።